የማንኩሳው መምህር፤ እየተማሩ ማስተማር በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላምን ካለፈ በኋላ ቡሬ ሳይደርስ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። በመከር ወራት በየደጁ ከሚሰጣው ቀይ በርበሬ በቀር መንገደኛውን የሚያስቆም ብዙ ነገር የላትም። ይሁን እንጂ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚህች ስፍራ ነው፤ የታሪኩም ዋና ሰው በዛብህ ቦጋለ የማንኩሳ ልጅ ነው። ብዙዎቻችን ስለዚህ መጽሐፍ ስንነጋገር ዐሳባችን የሚሮጠው ወደ ዲማና ወደ ዐባይ በረሓ ስለ ሆነ፥ ማንኩሳን እንደ መነሻ ብቻ ቈጥረን እናልፋታለን።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ወደ ማንኩሳ መለስ ብሎ በዛብህን በሌላ ስሙ መጥራት ነው። በዛብህ አፍቃሪ ከመሆኑ በፊት መምህር ነው፤ ያውም የጽሕፈት መምህር። ከዚህም ጋራ ገና ተማሪ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች፥ ማለት ማስተማርና መማር፥ በአንድ ወጣት ላይ በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ምን እንደሚያስከትሉ ከዚህ መጽሐፍ የበለጠ የመረመረ የአማርኛ ልብ ወለድ አላጋጠመንም። ጕዳዩ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በየኮሌጁ ጽሕፈትና ሥነ ጽሑፍ ከሚያስተምሩን መምህራን መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ከእኛም መካከል አያሌዎቹ ነገ በዚሁ መንገድ እንሄዳለን። ስለዚህ በዛብህን መመርመር በከፊል ራሳችንን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ልብ ልንለው የሚገባን መጽሐፉ በፍቅር የማይጀምር መሆኑን ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕመም ምክንያት እንዳይሞትባቸው ስለ ፈሩ፥ ቢድንላቸው ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግል እንዲሆን ተሳሉ። ልጁም ዳነ፤ ወደ ትምህርትም ገባ። እንግዲህ በዛብህ ትምህርትን አልመረጠም፤ ለትምህርት ተሰጠ እንጂ። ብዙ ሐተታ የሚሰጥበት ይህ ስለት ፍቅርን የሚከለክል እንቅፋት ተብሎ ነው። እኛ ግን ከዚያ አስቀድሞ የሚታየን ሌላ ነገር አለ። ስለቱ ለአንድ የገበሬ ልጅ ከማንኩሳ የሚወጣበትን መንገድ የከፈተ፥ በዚያው ጊዜ ግን የሕይወቱን መጨረሻ የወሰነ ውል ነው። ዕውቀት ያስገኝለታል፤ በዕውቀቱ ግን እንደ ፈቀደ እንዲኖርበት አይፈቅድለትም።

በዛብህ የተማረውን የቅኔ ትምህርት ምንነት ሳይረዱ መምህርነቱን መረዳት አይቻልም። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ በቅኔያቸው የታወቁ ናቸው፤ ክቡር ሐዲስም ራሳቸው ወደ ዘመናዊ ተማሪ ቤት ከመግባታቸው በፊት በጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረዋል። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ሲዘልቅ እያንዳንዱን ደረጃ የሚያልፈው የሌላውን ቅኔ በማጥናት ብቻ ሳይሆን የራሱን በመቍጠር ነው። ቀን በየዱሩና በየጥሻው ተቀምጦ ያሰበውን ማታ ይነግራል፤ የሚነግረውም በመጀመሪያ ለአስነጋሪው ነው። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ከመምህሩ እግር ሥር ገና አልተነሣም። ነገር ግን ከእርሱ በታች ያሉትን ቅኔ ይሰማል፤ ቤቱ የጐደለውን፥ አገባቡ የተፋለሰውን፥ ሰሙ ከወርቁ ያልተገናኘውን ያርማል።

ስለዚህ እየተማሩ ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አስነጋሪነት የትምህርቱ አንድ ደረጃ እንጂ ከትምህርቱ የሚያናጥብ ሥራ አይደለም። የሌላውን ስሕተት ለማረም ሲል የገዛ ዕውቀቱን ይፈትናል፤ መምህሩም በአቅራቢያው ስለ ሆነ ያቃተውን ወዲያው ይጠይቃል። ተማሪውም ከአስነጋሪው የሚጠቀመው ትልቅ ነገር አለ፤ ቀን ላሰበው ማታ መልስ ያገኛል። የተናገረው ነገር ሰሚ እንዳለው ያውቃል። ማስተማሩና መማሩ በአንድ ቦታ፥ በአንድ ጕዳይ፥ በአንድ ጊዜ ይከናወናሉ። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ዲማ እንሻገር። በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ነው። የቤቱ ጌታ በትውልዳቸው ከመመካታቸው የተነሣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው የሚኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ቤት የመምህሩ ቦታ ምንድን ነው? በዕውቀቱ ከቤቱ ሰዎች ይበልጣል፤ በትውልዱ ግን ከሁሉም ያንሳል። ዕውቀቱ ከደጅ አሳልፎ ወደ እልፍኝ አስገብቶታል፤ ከእልፍኝ ወደ ዝምድና ግን አያሻግረውም። እንጀራውን የሚበላው በሚያስተምርበት ቤት ነው፤ ስለዚህ የሚያስተምረው ነገር በቤቱ ሥርዐት ላይ ጥያቄ ቢያስነሣ የመጀመሪያው ተጐጂ እርሱ ነው። ደራሲው ይህን በስብከት ሳይሆን በአኗኗር አሳይተውናል፤ የበዛብህ ዝምታ፥ ጭንቀቱና መሸማቀቁ የጠባዩ ድክመት ብቻ አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው።

በዚህ ቤት አጠገብ ሌላ መምህር አለ፤ እርሱም ካሳ ዳምጤ፥ በተለምዶ ጉዱ ካሳ የሚባለው ነው። የአገሩን ልማድ ስለሚቃወምና እንደ ሌላው ሰው ስለማይኖር «ጉዱ» ተብሏል። ጉዱ ካሳ የሚናገረው ነገር አለው፤ ነገር ግን ጉባኤ የለውም፤ እንደ እብድ ስለሚቈጠር የሚሰማው ጥቂት ነው። በዛብህ ደግሞ ተማሪ አለችው፤ ነገር ግን የራሱ የሆነ ነገር ገና አልተናገረም። ሁለቱ ሲገናኙ በዛብህ እንደ ገና ተማሪ ይሆናል፤ ከፊታውራሪ እልፍኝ ወጥቶ ወደ ጉዱ ካሳ በሄደ ቍጥር በቅኔ ቤት ያልተማረውን ይማራል። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ጥልቅ ዐሳብ የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው። የሚያስተምረው ወጣት የሚሞግተውና የሚያርመው ታላቅ ካላገኘ ፊደል ያሠራጫል እንጂ ዐሳብ አያስተምርም፤ የሚሞግተውም ሊቅ ተማሪ ካጣ እውነቱ የመንደር ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

የትምህርቱስ ፍሬ የት ታየ? አንዳንድ ሰዎች በዛብህ ተሸነፈ ይላሉ፤ ሸሽቶ ወጣ፥ በመንገድም ተመትቶ ሞተ ሲሉ። ነገር ግን መምህር የሚመዘነው በተማሪው ነው። ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ትታ መነኵሴ መስላ ስትወጣ፥ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የበለጠ ቈራጥ ሆና እናያታለን። ከእልፍኝ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ብቻዋን የዐባይን መንገድ ጀመረች። ይህን ፍቅር አደረገው ማለት ትክክል ነው፤ ግን ፍቅሩ የመጣው ከንባብና ከጽሕፈት ጋራ መሆኑን መርሳት አይገባም። ከዚያ በፊት ስለ እርሷ የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራሷ የወሰነች እርሷ ናት።

እዚህ ላይ መጽሐፉን የምንነቅፍበት አንድ ነገር አለን። ክቡር ሐዲስ ስለ ትምህርት አጥብቀው ያሰቡ ሰው ናቸው። ከጠላት ወረራ በፊት ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተምረዋል፤ በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነው ነበር። ይህን ያህል የሚያውቁት ጕዳይ ሆኖ ሳለ፥ በልብ ወለዳቸው ውስጥ ስለ ልማድና ስለ ሕግ የሚደረገውን ክርክር በስፋት ሲያሰሙን፥ የትምህርቱን ሥራ ግን ፍቅሩን የሚያቀርብ ምክንያት አድርገው ቶሎ ያልፉታል። ሰብለ የመጀመሪያውን ቃል እንዴት እንደ ጻፈች፥ በየትኛው እንደ ተሳሳተች፥ መምህሩ እንዴት እንዳረማት ብናይ ኖሮ የኋለኛው ቈራጥነቷ ሥሩ ይበልጥ ይገለጥልን ነበር። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተተረከ በኋላ ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሳይቀር ሰብለንና በዛብህን እንደ ዘመድ ለማወቅ ችሏል፤ ሕዝቡ ግን የሚያስታውሳቸው እንደ ፍቅረኞች እንጂ እንደ መምህርና ተማሪ አይደለም። የዚህ ምክንያቱ ሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ ደራሲውም ናቸው።

«በዛብህ በአንድ ባላባት ቤት የተቀጠረ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ከዛሬ የኮሌጅ መምህር ጋራ ምን ያገናኘዋል?» የሚል ቢኖር መልሳችን የሚከተለው ነው። በዘመናዊው ትምህርትም እየተማሩ ማስተማር በየዘመኑ ታይቷል። መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ1957 ዓ.ም.፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት እያቋረጡ ወደ ጠቅላይ ግዛት መሄድ ጀመሩ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ለመማር ባሕር ማዶ መሻገር የግድ መሆኑ እየቀረ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እያስተማሩ በአገር ውስጥ ከፍተኛ ጥናት መቀጠል የብዙ መምህራን አኗኗር ሆኗል።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። በመካከላቸው ማንኩሳ ተቀምጣለች። እንግዲህ በዛብህ ትምህርት ፍለጋ የወጣበት አገር ዛሬ በግራና በቀኝ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አለው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለ የገጠር ከተማ የሚያስተምር ወጣት መምህር ኑሮ ግን ምን ይመስላል? በዓመቱ ውስጥ የብዙ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ያርማል፤ ክረምት ሲመጣ ወይም ፈቃድ ሲያገኝ ለራሱ ትምህርት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው በተዘጋጀ ሞጁል ነው፤ ለዲግሪው የሚያጠናው ሌላ ነገር ነው። በአስነጋሪው ዘንድ አንድ የነበረው ሥራ በእርሱ ዘንድ ሁለት ሆኖ ተከፍሏል፤ ሁለቱም ከአንድ ሰው ጕልበት ይሻማሉ።

ይህን በሩቅ ሆነን የምንናገር አይደለንም። ከመካከላችን አንዱ፥ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ አንድ ኮሌጅ ሲማር፥ «የማስታውሰው ቀን» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፍ ታዘዘ። እርሱም አያቱ ከገበያ በርበሬ ሸጠው ሲመለሱ ወንዝ ሞልቶ ያደሩበትን ሌሊት ጻፈ፤ በቤተሰቡ የሚነገረውን የአያቱን የቃል ግጥምም ጨመረበት። መምህሩ ለጥናታቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ስለ ነበር ወረቀቱ የተመለሰው ወሰነ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው። በላዩ ላይ የነበረው ስድስት የፊደል ግድፈት የሚያሳይ ቀይ መሥመርና አንድ ቍጥር ብቻ ነበር። ስለ አያቱ ግጥም አንድ ቃል አልተጻፈም። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን እኒያው መምህር የሚያጠኑት ስለ ቃል ግጥም ነበር። እኒህን ሰው አንወቅስም፤ የመቶ ተማሪ ወረቀት ተሸክመው በአውቶቡስ የሚመላለሱ ሰው ናቸው። የሚያሳዝነው ነገር ፈላጊውና ተፈላጊው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ መለያየታቸው ነው።

የዚህ መለያየት ምሳሌ በሰፊውም ይታያል። ጌቴ ገላዬ የጎጃም ገበሬዎች ስለ መንግሥትና ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ የገጠሙትን የቃል ግጥም በምሥራቅ ጎጃም በየትኖራ ሰብስበው ያጠኑበት መጽሐፍ በ2000 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ ታትሟል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ገበሬው ዝም ብሎ የሚገዛ ሳይሆን ስለሚደርስበት ነገር የሚፈርድና የሚናገር መሆኑን አስረድቷል። ነገር ግን ግጥሙን የሰጠው ገበሬ ልጅ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ኮሌጅ ሲገባ ይህንኑ ግጥም በጽሕፈትና በሥነ ጽሑፍ ትምህርቱ ካላገኘው፥ ጥናቱ ከአገሩ ወጥቶ ወደ አገሩ ያልተመለሰ መንገደኛ ይሆናል። በዛብህም ከማንኩሳ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። መጽሐፉ ከማንኩሳ የወጣው ዕውቀት ወደ ማንኩሳ የሚመለስበትን መንገድ አላሳየንም፤ እኛም እስከ አሁን አጥርተን አላገኘነውም።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቦ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ ቍራሽ ይለምን ነበር፤ ብዙዎችም በረኀብና በበሽታ ቀርተዋል። ጉባኤውም የወንዶች ጉባኤ ነበር። እርግጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሆነው ሳለ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን እስከ ማስተማር ደርሰዋል፤ ነገር ግን ስማቸው የተለየ ሆኖ የሚነሣው እንደ እርሳቸው ያሉ ሴቶች ጥቂት ስለ ነበሩ ነው። ሰብለ ወንጌልም ብትሆን መምህር ወደ ቤቷ መጣላት እንጂ እርሷ ወደ ጉባኤ አልሄደችም። ዛሬ በኮሌጆቻችን ሴቶች ከወንዶች ጋራ ተቀምጠው ይማራሉ። ይህን የመሰለውን ትርፍ ትቶ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚመኝ አይኖርም።

የምንለው አንድ ነገር ነው። በዛብህን የጐዳው፥ የዛሬውንም መምህር የሚጐዳው፥ እየተማሩ ማስተማር አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች መለያየታቸው ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ መምህሩ ከሁለቱ አንዱን እንዲተው ማዘዝ ሳይሆን ሁለቱን ማገናኘት ነው። አንደኛ፥ የጽሕፈት መምህር ለዲግሪው የሚያጠናውን ነገር ከሚያስተምርበት አገር ቢመርጥ፥ ተማሪዎቹ ከየቀበሌያቸው የሚያመጡት ድርሰት ለጥናቱ ስንቅ ይሆነዋል፤ ባለቤትነቱ የተማሪው መሆኑ ሳይዘነጋ። ሁለተኛ፥ ድርሰት ሁሉ በወረቀት ብቻ ከሚታረም፥ ከፍ ያሉት ተማሪዎች በአስነጋሪ ሥርዐት የታናናሾቻቸውን ጽሑፍ በሳምንቱ ውስጥ ሰምተው በቃል ቢመልሱላቸው ዐሳቡ ሳይቀዘቅዝ እርማት ያገኛል፤ የመምህሩም ሸክም ይቀላል። ሦስተኛ፥ በጎጃም ምድር ላይ የተሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት አንድ ቅጂው በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፥ ያገሩ ልጅ ስለ አገሩ የተጻፈውን ለማንበብ ሩቅ መጓዝ አይገደድም። ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጕዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የምዕራብ ጎጃም መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል፤ በብዙ ቦታም ትምህርት ተቋርጧል። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም ራሷ ከአደጋው አላመለጠችም። መንገድ ሲዘጋ፥ ትምህርቱ በአንድ ከተማ ማስተማሩ በሌላ ከተማ የሆነበት መምህር ከሁለቱም ይቀራል። ጥናቱ ከደጁ የሆነለት ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራው አያጣም። ለዚህ ነው ነገሩን የሥነ ጽሑፍ ሐተታ ብቻ አድርገን ያላየነው።

በዛብህ ከማንኩሳ ሲወጣ ይዞት የወጣው አንድ ሀብት ነበር፤ እርሱም የተማረውን ለሌላ ማካፈል ነው። ያካፈለውም ተማሪ አንዲት ብቻ ናት፤ ግን እርሷ አንዷ በማንም ሳትታዘዝ መንገድ ጀመረች። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር በዓመት በመቶ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ያገኛል። ከእነዚህ መካከል ስለ አያቱ ሌሊት የሚጽፍ አንድ ልጅ ሰሚ ቢያገኝ፥ መምህሩም ከዚያ ልጅ ወረቀት የጥናቱን መነሻ ቢያገኝ፥ የማንኩሳው መምህር ታሪክ በመቃብር አይዘጋም። በዚህ ሐተታ የተሳሳትነውን መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን፤ እኛም እየተማርን ነንና።